ዳንቴል የለበሰው መሮጫ

ቶይባ የባቲ ልጅ ናት። ከተማው ውስጥ እንኳ አይደለም፤ ወጣ ብሎ፣ ሰኞ ሰኞ ግመል ወደ ገበያ በሚነዳበት መንገድ ዳር ነው የተወለደችው። እናቷ ስትሞት ታናሽ እህቷ ራህማ ገና ዳዴ ትል ነበር፤ እና ቶይባ ራሷ ልጅ ሆና ልጅ አሳደገች። ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተወችው። ኋላ ደላላ መጥቶ "ኦማን እልክሻለሁ፤ አገሩ ሰላም፣ ሕዝቡ የዋህ" ሲላት፣ ኦማን በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ "ስልክ መደወል ይቻላል?" አለችው።

"እንደፈለግሽ!" አላት።

ራህማን በስልክ ካገኘኋት ሌላው ምንም አይደለም ብላ ሄደች።

የደረሳት ቤት አል ጉብራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ ነጭ ቪላ ነው። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ይሄን ቶይባም ትመሰክራለች። አይመቱም፣ ምግብ አይቆልፉም። አንድ ችግር ብቻ አለባቸው፤ ያለ ቶይባ ምንም ነገር የት እንዳለ አያውቁም። ባባ ነቢል አል ኹዌር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ኃላፊ ነው። ጠዋት ድሽዳሻውን ለብሶ፣ ኩማውን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ ሽቶውን ተረጭቶ ሲወጣ ንጉሥ ይመስላል፤ ኩማውን ፈልጋ የምታመጣለት ግን ቶይባ ናት። ማማ ነስሪን ደግሞ የመኪና ቁልፏን በእጇ ይዛ "ቶይባ! ቁልፌ ዌን?" ብላ የምትጣራ ሴት ናት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል ነው ማሽኑ የመጣው። በፈረንጆቹ 2006 መሆኑ ነው፣ ሙቀቱ ሳይጀምር።

ነገሩ የተጀመረው ከሐኪም ቤት ነው። ባባ ነቢል ስኳር ተገኘበት። ሐኪሙ "ሐልዋውን ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ" አለው። ማማ ነስሪን ይሄን ስትሰማ ቁጭ አላለችም። ሰውየው በእግሩ የሚሄደው ከቤት እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ ወንበር ነው፤ ወንበሩ ላይ ከደረሰ ደግሞ ዙሁር አዛን ካልተባለ አይነሳም። ስለዚህ ሩዊ ገበያ ሄዳ የመሮጫ ማሽን ገዛች። ትሬድሚል የሚሉት ነው፤ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ ሲሮጥ ከስሩ ጥቁሩ ላስቲክ ወደ ኋላ የሚሮጥ፣ ሰውየው ግን የትም የማይደርስበት።

ተሸካሚዎቹ ላባቸው እየተንጠባጠበ ፎቅ አወጡትና ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ስር አስቀመጡት። ከሱቁ አብሮ የመጣው ጣሂር የሚባል ገጣጣሚ ነው። ገጥሞ ሲጨርስ እንደ ሼኽ ጣቱን ቀስሮ ማስተማር ጀመረ።

"ሹፊ ማዳም፣ ይሄ ማሽን ጠላቱ አቧራ ነው። በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ላስቲኩ ላይ ውሃ ማፊ! ክሎሮክስ ጭራሽ ማፊ! በየወሩ ደግሞ ላስቲኩን ከጠርዙ ብድግ አድርጋችሁ ከስሩ ካለው ጣውላ ላይ ይሄን ሲሊኮን ትቀባላችሁ። ከስር ነው ያልኩት፤ ከላይ ከቀባችሁት ባባ እንደ ሳሙና ተንሸራቶ ግድግዳው ላይ ነው የምታገኙት። ላስቲኩ ወደ አንድ ጎን ከሄደ ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በዚች በታጠፈችው ቁልፍ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ታዞራላችሁ።"

ማማ ነስሪን ስልኳን እየነካካች "አይዋ፣ አይዋ" ስትል ቆየችና ሲጨርስ ቀና አለች።

"ቶይባ፣ ፈሂምቲ?"

"ፈሂምት ማማ" አለች ቶይባ። ጉድ ነው የወረደባት። እሷ ቤት ማጽዳት ማለት ውሃ በባልዲ ማፍሰስ ነው ብላ የምታምን ሴት ናት። ይሄን ጥቁር ላስቲክ ያለ ውሃ፣ ያለ ኦሞ፣ ያለ ክሎሮክስ አጽጂ ሲሏት ልክ ያለ ሳሙና ታጠቢ እንደማለት ነው የሆነባት። ግን ተማረችው። በደረቅ ጨርቅ ትወለውላለች፣ ጥጉን በጥርስ ብሩሽ ትፈቀፍቃለች፣ ሲሊኮኑን በጨርቅ ነክራ እጇን እስከ ክርኗ ከላስቲኩ ስር አስገብታ ትቀባለች።

ባባ ነቢልም መጀመሪያ አካባቢ ጥሩ ነበር። ነጭ የስፖርት ጫማ ተገዛለት። ቤቱ ውስጥ ግን በጫማ አይገባም፤ ስለዚህ ጫማው በፌስታል ታስሮ ፎቅ ይወጣል፣ እዛ ማሽኑ ላይ ይደረጋል፣ እዛው ይወልቃል። ድሽዳሻውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እጀታውን እንደ መሪ ጨብጦ፣ ዜና እያየ ይራመዳል። ማማ ነስሪን ከሶፋው ላይ ሐልዋ እየቀመሰች "ፈጠን፣ ፈጠን ሐቢቢ!" ትላለች።

ከዚያ አንድ ቀን ጉልበቴን አመመኝ አለ። ቀጥሎ ሙቀት ነው አለ፤ ሳሎኑ ኤሲ እንደ በረዶ የሚነፋበት ነው። ቀጥሎ እንግዳ መጣ። ቀጥሎ ጫማው ጠበበኝ። ቀጥሎ ረመዳን እየደረሰ ነው፣ ከኢድ በኋላ እጀምራለሁ አለ፤ ረመዳን ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ማሽኑ ቀስ በቀስ የልብስ መስቀያ ሆነ። አንዱ እጀታ ላይ ድሽዳሻ፣ ሌላው ላይ ዓባያ፣ መሃሉ ላይ የማማ ቦርሳ። ቶይባ ጠዋት ጠዋት ልብሱን ሁሉ ታወርዳለች፣ ማንም ያልረገጠውን ላስቲክ ትወለውላለች፣ ልብሱን መልሳ ትሰቅላለች።

ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም። ችግሩ የመጣው ራህማ የደወለች ለት ነው።

"እቱ፣ ቀኑ ተቆረጠ" አለች ራህማ እያለቀሰች። "ከኢድ በኋላ ኒካሁ ነው። ትመጫለሽ አይደል? በእናቴ ቦታ ማን ይቀመጥልኛል? አንቺ ካልመጣሽ እኔ ወላሂ ከጓዳ አልወጣም!"

"እመጣለሁ የኔ ዓለም። ኮንትራቴም ሞልቷል። አንቺ ብቻ አታልቅሺ" አለቻት ቶይባ፤ ስልኩን ስትዘጋ ግን የምታለቅሰው እሷ ነበረች።

በነጋታው ማማ ነስሪንን ጠየቀቻት። ማማ ነስሪን ደነገጠች። ክፋት አይደለም፤ ሰው ቤቱ ይፈርሳል ሲባል የሚደነግጠው ድንጋጤ ነው። ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ተንከራተተ፤ ምክንያት ስትፈልግ ማሽኑን አየችው።

"ይሄ ማሽንስ?" አለች።

"ምን ሆነ ማማ?"

"አንቺ ስትሄጂ ማን ይጠርገዋል? የገጠመው ሰውዬ በየቀኑ ነው ያለው። አቧራ ከገባበት ይሞታል። ማሽኑ ከሞተ ባባ አይሮጥም፤ ባባ ካልሮጠ ስኳሩ ይጨምራል። አንቺ የባባን መታመም ትፈልጊያለሽ?"

"ኧረ አስተግፊሩላህ!"

"በቃ እንግዲያው። ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ።"

ቶይባ ባባ የሮጠው መቼ ነው ብላ አልጠየቀችም። ይሄን መጠየቅ የቤቱን ገመና መግለጥ ነው።

ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ላይ ስትወጣ ሱፊያን አገኘቻት። ሱፊያ የሐርቡ ልጅ ናት፤ ጎን ለጎን ካለው ቪላ ነው የምትሠራው፣ እና የሁለቱ ቤት ሰገነት በአንድ አጭር ግንብ ነው የሚለያየው። አፏ አያርፍም።

"ምነው ፊትሽ እንደ ተዘፈዘፈ ልብስ ተጨማደደ?"

ቶይባ ነገረቻት። ሱፊያ አንሶላውን ገመድ ላይ ጥላ በሳቅ ፈነዳች።

"ማሽን ነው የሚከለክልሽ? እኔ እኮ ሰው በባሏ፣ በልጇ፣ በአሮጊት አማቷ ተይዛ ስትቀር አይቻለሁ። አንቺ በማሽን ተያዝሽ! ምነው፣ ጡት ታጠቢዋለሽ እንዴ?"

"አትሳቂ ሱፊ። እህቴ ብቻዋን ናት።"

ሱፊያ ሳቋን ቀነስ አደረገች። "እንግዲያው አቧራ ነው ካለች አቧራውን ከልክዪው። ሸፍኚዋ! እኛ አገር ቴሌቪዥን ምን ይደረጋል? ፍሪጅ ምን ይደረጋል?"

ቶይባ ቀጥ ብላ ቆመች። እውነት እኮ ነው! ባቲም ኮምቦልቻም ደህና ዕቃ የገዛ ሰው ራቁቱን ያስቀምጣል? ቴሌቪዥን ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮ ዳንቴል አለው፣ ስልክ እንኳ ዳንቴል አለው። ይሄ ምስኪን ማሽን ራቁቱን ስለተቀመጠ ነው አቧራ የሚጠጣው! ከአገር ይዛት የመጣችው የዳንቴል መሥሪያ ኪሮሽዋ ሻንጣዋ ስር አለች።

ክሩን ከሱፊያም ከሌሎቹም የሰፈር ልጆች ለቃቀመች። ነጭ መሠረት፣ ቢጫ አበባ፣ ዙሪያውን ዘርፍ። እጀታውና የሚበራው ሰሌዳ አንድ ለብቻው ቀሚስ ተሠራላቸው። ለላስቲኩ ደግሞ ልክ እንደ ረጅም ምንጣፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ፣ መጨረሻው ላይ ዘርፉ እስከ ወለሉ የሚንጠለጠል ሌላ ሠራች። ረመዳኑን ሁሉ በትርፍ ሰዓቷ ጣቷ እስኪላጥ ሠራችው። በሕይወቷ ይሄን ያህል የሚያምር ነገር ሠርታ አታውቅም። ለራህማ ሰርግ ቢሆን ኖሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለማየት ይመጣ ነበር።

የኢድ ዋዜማ ለት አለበሰችውና ማማ ነስሪንን ጠራቻት። ማማ ነስሪን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ማሻአላህ! ማሻአላህ! ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"አዎ ማማ። አሁን አቧራ አይገባበትም። ሁለት ወር ብሄድ ሁለት ወር እንደተሸፈነ ይቆያል። ልሂድ?"

ማማ ነስሪን ዳንቴሉን በጣቷ እየዳሰሰች፣ አበባ አበባውን እየቆጠረች ዞረችው። ከዚያ ፊቷ ቅጭም አለ።

"ቶይባ፣ ይሄ ነጭ ነው እኮ።"

"አዎ ማማ።"

"ነጭ ይቆሽሻል። አንቺ ስትሄጂ ማን ያጥበዋል?"

ሱፊያ ይሄን ስትሰማ ግንቡ ላይ ተደፍታ ሳቀች። "ማሽኑን ልትገላገዪ ልብሱን ጨመርሽላት! በይ ቀጥሎ ለዳንቴሉ መሸፈኛ ሥሪለት!" አለቻት። ቶይባ አልሳቀችም። ኢድ አለፈ፤ የራህማ ኒካህ በሩ ላይ ደርሷል።

ማማ ነስሪን ግን እንደዛ ሰሞን ደስ ብሏት አያውቅም። ለኢድ የመጣ እንግዳ ሁሉ ፎቅ ወጥቶ ዳንቴሉን ማየት ግዴታው ሆነ። ሴቶቹ ያደንቃሉ፣ ይዳስሳሉ፤ አንዷ እንደውም "ከስሩ ያለው ጠረጴዛ ነው?" ብላ ጠየቀች።

አንድ ዓርብ ምሳ የማማ ነስሪን ታላቅ ወንድም አብዱረህማን መጣ። ቀጭን ረጅም ሰውዬ ነው፤ ማታ ማታ ቁርም ባሕር ዳር እንደሚራመድ ሳይጠየቅ የሚናገር። ቃቡሊ ሩዙ ተበልቶ ሲያልቅ ፎቅ ወጡና ማሽኑን አየ።

"ያ ነቢል! ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሙሽራ አስገባህ እንዴ?"

ሁሉም ሳቁ። ባባ ነቢልም እያፈረ ሳቀ።

"መሮጫዬ ነው" አለ።

"መሮጫህ ነው? እኔ ያንተን ሆድ ሳይ መቀመጫህ መስሎኝ! ይሄን ጥልፍልፍ ሚስትህ ያስደረገችው ማሽኑን እንዳትነካው ነው ወይስ እንዳይነካህ?"

በሚስት ወንድም ፊት፣ በሚስት ፊት፣ ቃህዋ ይዛ በቆመችው ቶይባ ፊት! የባባ ነቢል ጆሮ ቀላ። ብድግ አለና የላይኛውን ዳንቴል፣ የእጀታውን ቀሚስ፣ መርቆ እንደሚከፍት ባለሥልጣን ሳብ አድርጎ ሶፋው ላይ ወረወረው። ከዚያ ባዶ እግሩን የላስቲኩ ዳንቴል ላይ ወጣ።

"ባባ! ባባ፣ የታችኛው!" አለች ቶይባ።

"ኻሊህ፣ ተይው፣ ለስላሳ ነው፣ ይመቻል" አለና አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነው።

መጀመሪያ ማሽኑ ቀስ ብሎ ጀመረ። ዳንቴሉ ከእግሩ ስር እየተሳበ ወደ ኋላ ሄደ። ባባ ነቢል ወደ አማቹ ዞሮ "አየህ?" ለማለት አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ዘርፉ ከኋላ በላስቲኩና በሚሽከረከረው ብረት መሃል ገባ። ማሽኑ ክሩን እንደ መኮሮኒ ሳበው። አበባው ገባ፣ ሁለተኛው አበባ ገባ፣ እርር የሚል ድምፅ ወጣ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ፣ እና ላስቲኩ በአንዴ ቀጥ ብሎ ሲቆም ባባ ነቢል ሚዛኑን ስቶ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ማማ ነስሪን የተቀመጠችበት ሶፋ ላይ፣ ልክ ከአጠገቧ፣ ቁጭ አለ። ምንም አልሆነም። ኩማው ብቻ ወደቀ።

አብዱረህማን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ማማ ነስሪን ግን ጮኸች።

"ቶይባ! ማሽን ልብስ አልብሺው ያለሽ ማነው?"

እስከ ትናንት ለጎረቤት ሁሉ ስታሳይ የከረመችው እሷው ናት። ቶይባ ግን መሬት መሬት እያየች "አፍዋን ማማ" ብቻ አለች።

"ስሚኝ፣ ይሄ ማሽን እስኪሮጥ ድረስ አገርሽን እንዳታስቢው! ኻላስ!"

ጣሂር ከሱቁ ተጠርቶ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ አንድ ቢጫ አበባ በጣቱ ሳብ አድርጎ አየ፣ ማማ ነስሪንን ቀና ብሎ አየ።

"ማዳም፣ ይሄ ማሽን ክር በልቷል።"

"አውቃለሁ! ዋረንቲ አለው አይደል?"

"አቧራ ለበላ አለው፣ ለፋብሪካ ስህተት አለው። ለሹራብ ዋረንቲ ማፊ። ላስቲኩ ወጥቶ ሌላ ከዱባይ መምጣት አለበት።"

"መቼ ይመጣል?"

"ኢንሻአላህ" አለና ሄደ። በዚያ አገር እንዲህ የተባለለት ዕቃ መቼ እንደሚመጣ ቶይባ በደንብ ታውቃለች።

ራህማ በዚያው ሳምንት ደወለች። "ሒናው ተገዛ። ቲኬት ቆረጥሽ?" አለች።

"እየቆረጥኩ ነው" አለች ቶይባ። እውነትም ያን ዕለት ቆረጠች፤ ቲኬት ሳይሆን በመቀስ ክር።

ማማ ነስሪን እናቷ ዘንድ በወጣች ጊዜ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። በታጠፈችው ቁልፍ የኋላዎቹን ብሎኖች አላላቻቸው፤ ያላላችውን ያህል መልሳ እንድታጠብቅ በልቧ እየያዘች። ላስቲኩ ለቀቀላት። እጇን አስገብታ ዳንቴሉን ፈለገችው። ብረቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠቁሮ፣ ሲሊኮን ጠጥቶ ገመድ ሆኗል። መቀስ አስገብታ ቆረጠች፣ በቅንድብ መንቀያ ለቀመች፣ ጎተተች። አንድ አበባ በወጣ ቁጥር ያን አበባ የሠራችበት ቀን ትዝ ይላታል። "ይህቺ የሱፊያ ክር ናት... ይህቺ ጾሙ ሲገባ የጀመርኳት ናት..." እያለች ታወጣለች፤ እንባዋ ላስቲኩ ላይ ይወርዳል፤ ውሃ ክልክል መሆኑ ትዝ ሲላት በቀሚሷ እጅጌ ትጠርገዋለች።

ጣውላውን በደረቅ ጨርቅ ወለወለች። አዲስ ሲሊኮን ቀባችለት። ብሎኖቹን መለሰች። ሶኬት ውስጥ ሰክታ በዝግታው ብታስነሳው ላስቲኩ ወደ ግራ ይሄድባታል። ቀኙን አጠበቀች፤ ይባስ ብሎ ወደ ግራ ሄደ። አላላችው፣ ግራውን ትንሽ ጠበቅ አደረገችው። ላስቲኩ እያመነታ፣ እያመነታ መሃል መጣና ቀጥ ብሎ መዞር ጀመረ።

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ስትጮህ ከጀርባዋ ሌላ ጩኸት ሰማች።

"ላ፣ ላ፣ ላ! ቶይባ፣ ምን አደረግሽ?"

ባባ ነቢል ነው። ከሥራ ቀደም ብሎ መጥቶ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ የሚዞረውን ላስቲክ እንደ እባብ ያየዋል።

"ሠራሁት ባባ! ድኗል!"

ባባ ነቢል መጥቶ ራሱ አጠፋው። ከዚያ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልመና በሚመስል፣ "አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን በደልኩሽ?" አላት። "ይሄ ነገር ከተሰበረ ወዲህ እንዴት እንደተኛሁ ታውቂያለሽ? ማንም ተነስ አላለኝም። ማንም ፈጠን አላለኝም። ሳሎን ገብቼ እንደ ሰው ቁጭ እላለሁ። ተይው። ተሰብሯል በዪ።"

"ባባ፣ ማማ ካልሮጠ አትሄጂም አለችኝ። እህቴ ልታገባ ነው። እናት የለንም። በእናቷ ቦታ የምቀመጠው እኔ ነኝ።"

ባባ ነቢል አቀረቀረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደግሞ የእህት ሰርግ ምን እንደሆነ ያውቃል። ግን ማሽኑንም አየው።

"የዱባዩን ላስቲክ እየጠበቅን ነው እንላታለን፣ አንቺ ትሄጃለሽ" አለ።

"አትቀበልም ባባ። ማማ ሲሮጥ ካላየች አታምንም።"

ቶይባ ክሩን እየሰበሰበች አሰበች። እሷ ብልጥ ነኝ አትልም፤ ያወቀችውን ነው የተናገረችው።

"ባባ፣ እኔ እዚህ ካለሁ ይሄን ማሽን በየቀኑ እጠርገዋለሁ። ሲሊኮኑን እቀባለሁ። ቢበላሽም አሁን መፍታት አውቄያለሁ፣ እሠራዋለሁ። አይሞትም። እኔ እያለሁ በጭራሽ አይሞትም።"

ባባ ነቢል ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"አንቺ ከሌለሽስ?"

"ያው አቧራው አለ። ማማ ጨርቁ የት እንዳለ አታውቅም።"

ባባ ነቢል ፊቱ ላይ ቀስ በቀስ፣ እንደ ንጋት፣ ፈገግታ ወጣ።

"የዕረፍት ጊዜሽ ስንት ነው?"

"ሁለት ወር ባባ።"

"ምን ያደርግልሻል? ሦስት አድርጊው።"

የዚያን ዕለት ምሽት ማማ ነስሪን ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆማ የቀረችው በድንጋጤ ነው። ባሏ ነጭ ጫማውን አድርጎ ማሽኑ ላይ ነው። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። "ተሠራልሽ!" አላት እያለከለከ። በነጋታውም ወጣበት፤ ቶይባ ቲኬቷን እስክታገኝ ማታ ማታ አላቋረጠም። ቶይባ ከማእድ ቤት ሆና ከላይ የእግሩን ኮቴ ስትሰማ ልቧ አብሮ ይራመዳል፤ እያንዳንዱ ኮቴ ወደ ባቲ ነው የሚመስላት።

"ሐቢብቲ" ይላታል ሚስቱን ከላይ ሆኖ፣ "ይህቺ ልጅ ማሽኑን ከሞት አስነሳችው። እሷን የእህቷን ኒካህ ብንከለክላት አላህ ጤናዬን ይወስደዋል። እፈራለሁ፣ ወላሂ እፈራለሁ።"

ማማ ነስሪን የአላህ ስም ሲነሳ እምቢ ማለት አይሆንላትም። ደግሞ ባሏ እንዲህ ሲሮጥ አይታው አታውቅም። መጨረሻ ላይ መሳቢያውን ከፈተችና የቶይባን ፓስፖርት አወጣች፤ ይሄን አንድ ነገር የት እንዳለ ግን ሳትጠይቅ ነው ያገኘችው። እጇ ላይ ይዛው ቆየች።

"ትመለሻለሽ አይደል?" አለች። ድምፅዋ እንደ ማዳም አልነበረም።

"ኢንሻአላህ እመለሳለሁ ማማ።"

ቶይባ አደራ ታውቃለች። ከመሄዷ በፊት ማማ ነስሪንን ማሽኑ ጋ ወስዳ ጨርቁን አሳየቻት፣ ሲሊኮኑን አሳየቻት፣ ከላይ ሳይሆን ከስር እንደሆነ አሳየቻት። ባባ ነቢል ከኋላ ቆሞ በዓይኑ "በቃሽ፣ ምን አስለፈለፈሽ" ሲላት አየችው። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አስረዳች። ማማ ነስሪን ስልኳን እየነካካች "አይዋ፣ አይዋ" አለች፤ ባባ ነቢልም ይሄን አይቶ ተረጋጋ።

ሱፊያ ከሰገነቱ ላይ "ሄድሽ? ለሙሽራዋ ንገሪልኝ፣ ዳንቴል የሚባል ነገር ቤቷ እንዳታስገባ!" ብላ ጮኸችላት። ሲብ አየር ማረፊያ ያደረሳት ባባ ነቢል ራሱ ነው፤ ሻንጣዋንም ራሱ አወረደላት፣ ለሙሽራዋ ብሎ አንድ ትልቅ ሣጥን ሐልዋ ሰጣት። እሱ ቤት ሐልዋ እንዳይቀመጥ ማማ የከለከለችው ያን ሰሞን ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ ትንሽ ጎደል ያለ ነበር።

በዱባይ አድርጋ፣ አዲስ አበባ አድራ፣ በሚኒባስ ኮምቦልቻን አልፋ ባቲ ስትደርስ ሴቶቹ ተሰብስበው እያጨበጨቡ ነው። ራህማ መሃል ላይ ተቀምጣለች። እጇም እግሯም ሒና ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሏል። እህቷን ስታይ ልትነሳ ብላ ተንደፋደፈች፤ አክስታቸው "ኧረ ሒናው! ሒናውን እንዳታበላሺው!" ብላ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። ማቀፍ አልቻለችም፤ የተጠቀለሉ እጆቿን ወደ ላይ እንደያዘች እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

"መጣሽ?" አለች።

"መጣሁ።"

"ምነው እንዲህ ከሳሽ?"

"እኔ ነኝ የከሳሁት? አንቺ በልተሻል?"

"በምን እጄ? ከጠዋት ጀምሮ ማንም አላጎረሰኝም፤ ሁሉም ይዘፍናል።"

ቶይባ ሻንጣዋን በሩ ላይ ተወችው። እጇን ታጠበችና መጥታ ከራህማ ጎን፣ ባዶ በተተወው ቦታ ላይ፣ ተቀመጠች። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች።

"በይ አፍሽን ክፈቺ" አለቻት።